ጂፒ3 ወይስ አይኦ2፦ ለከባድ ዳታቤዝ የትኛውን ዲስክ እንከራይ?

ደሴና ኮምቦልቻ ሶፍትዌር የምትሠሩ ልጆች ይህችን ጥያቄ እየደጋገማችሁ ስለምታመጡብኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል። መልሱን ላስቀድም፦ የአማዞን ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር) ላይ ከሆናችሁ፣ ከሚያከራያቸው የዲስክ ዓይነቶች ጂፒ3 ተከራዩ። ሌላ የሚል ሰው ምክንያቱን ያምጣ።

ሒሳቡን በአማዞን የቨርጂኒያ ማዕከል ዋጋ እንሥራው፤ ኬፕታውን ሲሆን ይጨምራል። 1,000 ጂቢ ቦታ፣ 10,000 አይኦፒኤስ (በሰከንድ የሚሠራው የማንበብና የመጻፍ ብዛት)፣ በሰከንድ 500 ሜባ ፈለጋችሁ እንበል። ጂፒ3 ለአንድ ጂቢ 0.08 ዶላር ስለሆነ ቦታው 80 ዶላር ነው። 3,000 አይኦፒኤስና 125 ሜባ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አብሮ ይመጣል። ለቀረው 7,000 አይኦፒኤስ 35፣ ለ375 ሜባ 15 ዶላር ጨምሩበት፤ በወር 130። በአይኦ2 ግን ቦታው 125፣ አይኦፒኤሱ ብቻውን 650 ነው፤ ድምሩ 775። ሐምሌ 2016 ብሩ ከተንሳፈፈ ወዲህ በዶላር ለሚከፍል ሰው የ645 ዶላር ልዩነት ቀልድ አይደለም።

የጂፒ3 ቀዳሚ የሆነውን ጂፒ2ን ያየሁት ኮምቦልቻ፣ አንድ አከፋፋይ ሐጂ ዘንድ ነው። ያከራያቸው ደላላ «ፈጣን ኤስኤስዲ» ብሎ 500 ጂቢ ጂፒ2 ሰጥቷቸዋል። ወር መጨረሻ ሒሳብ ሲዘጋ ሐጂ ይደውላሉ፦ «ጠዋት ይሮጣል፣ ረፋድ ላይ ይተኛል፤ ምን አስነካችሁት?» ጂፒ2 በጂቢ 3 አይኦፒኤስ ነው የሚሰጠው፤ 500 ጂቢ ማለት 1,500። 3,000 የሚደርሰው ሥራ ሲቀልለት ካጠራቀመው ክሬዲት (የፍጥነት ቁጠባ) እየበላ ነው። ጣራ ላይ እንዳለ ሮቶ፣ እስኪያልቅ በኃይል ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ከመስመሩ በምትመጣው ትኖራላችሁ። የዚያ ዲስክ ሙሉ ክሬዲት ያለ ፋታ ሲሠራበት 1 ሰዓት ይቆያል። አዮስታት (የዲስኩን ሥራ የሚያሳይ ፕሮግራም) ከፍቼ ሳይ ሲፒዩው ሥራ ፈቶ ተቀምጧል፣ የዲስኩ የመጠበቂያ ጊዜ ግን ወደ ላይ ተተኩሷል። ደላላው ደግሞ «ራም ጨምሩ» ብሎ ራም ሸጦላቸው ነበር! ዳታቤዙን ሳናቆም ወደ ጂፒ3 ቀየርነው። የወር ክፍያው ከ50 ወደ 40 ዶላር ወረደ፣ 3,000ውም ቋሚ ሆነ። «አልሐምዱሊላህ፣ ያኛውን ሰውዬ ግን አገናኙኝ» አሉ ሐጂ።

ለዲስክ ከመክፈላችሁ በፊት ሰርቨሩን እዩ። ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ነው። ኤም5 ላርጅ የሚባለው የአማዞን ሰርቨር በቋሚነት የሚችለው 3,600 አይኦፒኤስና 81 ሜባ ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሄደው ለአጭር ጊዜ ነው። እሱ ላይ 10,000 አይኦፒኤስ መግዛት ብር መጣል ነው። አይኦ2 ብትገዙም ያው።

አይኦ2 የሚያዋጣው መቼ ነው? ጂፒ3 ከሺህ ዲስክ በዓመት አንድ ሁለት ሊበላሽበት ይችላል፤ አይኦ2 ከመቶ ሺህ አንድ። የመልስ ፍጥነቱም ሳይዋዥቅ ይቆያል። የባንክ ዝውውር የምትይዙ ከሆነ ይገባኛል። ሬፕሊካ (ተጠባባቂ ቅጂ) እና ባክአፕ ላለው ሌላ ሥራ ግን አልከፍልበትም። ሰርቨሩ ውስጥ የሚመጣው ኤንቪኤምኢ ዲስክ ከሁሉም ይፈጥናል፣ ነገር ግን ሰርቨሩን ካጠፋችሁት ዳታው አብሮ ይጠፋል። ለጊዜያዊ ፋይል እንጂ ለዋናው ዳታ እንዳታስቡት።

«ሰርቨር ገዝቼ ቢሮ ባስቀምጥስ?» ለምትሉ፦ ከደሴ ፒያሳ የተገዛ «2 ቴራ» ኤስኤስዲ አምጥተውልኝ በኤፍ3 (የዲስክን እውነተኛ መጠን በሚፈትሽ ፕሮግራም) ስፈትነው ሩብ እንኳ አልነበረውም። ከሞላ በኋላ በቀድሞው ዳታ ላይ ዝም ብሎ ይጽፋል፣ ስህተት አያሳይም። ትክክለኛው ብራንድ ቢሆንም አብዛኛው የቤት ኮምፒውተር ኤስኤስዲ መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚጠብቀው ካፓሲተር ስለሌለው፣ ዳታቤዙ፣ ለምሳሌ ፖስትግሬስ፣ «ተጽፏል» ያለው ሊጠፋ ይችላል። የኛን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ከባክአፕ የመለሳችሁት ዲስክ መጀመሪያ ላይ ቢንቀረፈፍ አትደንግጡ፤ እያንዳንዱን ብሎክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነካ ከሩቅ ነው የሚያመጣው። ቀድማችሁ አንዴ ሙሉውን አስነብቡት። ቦታ ስትይዙም ትንሽ ያዙ፦ ማሳደግ በኋላም ይቻላል፣ ማሳነስ ግን የለም። 2,000 ጂቢ ከፍታችሁ 600 ብቻ ከሞላ አዲስ ዲስክ ከፍቶ ዳታውን ማዛወር ነው፣ እስከዚያው ለባዶው 1,400 በወር 112 ዶላር ትከፍላላችሁ።