«መሶበ ወርቅ» ምን ዓይነት መሶብ ነው? ውዳሴ ማርያምን ከነአንድምታው ለሚገዙ

ለየዕለቱ የተመደበውን የእመቤታችንን ምስጋና፣ ውዳሴ ማርያምን፣ በቃሉ የሚያደርስ ሰው ብዙ ነው። ማርያም በእሑዱ ውዳሴ የምትጠራበት «መሶበ ወርቅ» ወይም «ዳግሚት ቀመር» ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ግን ብዙው ዝም ይላል። ለዚህ ንባቡንና አንድምታውን (የሊቃውንቱን ትርጓሜ) አንድ ላይ የያዘውን መጽሐፍ የሚተካ የለም።

አቀማመጡ ቀላል ነው። ከሰኞ እስከ እሑድ በሰባት ዕለት ተከፍሏል፤ መጀመሪያ የግእዙ ሐረግ፣ ቀጥሎ የአማርኛው ፍቺ፣ ከዚያ «አንድም» እያለ የሚጨመረው ትርጓሜ ይመጣል። ለጀማሪ ከእሑድ መነሣት ይሻላል፤ የቤተ መቅደሱ ዕቃ ሁሉ የተሰበሰበው እዚያ ነውና። ዕብራውያን ምዕራፍ 9 ከቁጥር 2 እስከ 5 ጎን ለጎን ተከፍቶ ይነበብ።

መሶቡን እንይ። ዛሬ መሶብ ሲባል ዐይናችን ላይ የሚመጣው በስንደዶና በአክርማ የተሰፋው የእንጀራ መሶብ ነው። የመዝሙሩ መሶብ ግን መና የተቀመጠበት ዕቃ ነው። በዘፀአት 16፥33 ዕብራይስጡ ዕቃ ይላል እንጂ ወርቅ አይልም፤ «የወርቅ» የሚለውን የጨመረው የግሪኩ ትርጉም ነው። የግሪኩም ቃል ማሰሮ ማለት ነው። በግእዙ ማሰሮው መሶብ ሆነ፤ ማርያም መሶብ፣ ልጇ «መና ኅቡእ» (የተሰወረ መና) ተባሉ። እንጀራ ለሚበላ ሕዝብ እንዴት ያለ የታደለ ምርጫ ነው! ይህን የቃል ጉዞ መከተል የአንድምታው ዓላማ አይደለም፤ አንባቢው ራሱ ማገናዘብ አለበት።

«ቀመር» ደግሞ አሳሳች ነው። የዛሬው አማርኛ ሒሳብ ያስታውሰናል፤ እዚህ ግን ማደሪያ፣ ድንኳን ማለት ነው። ዳግሚቱም ከሁለተኛው መጋረጃ ወዲያ ያለችው፣ ቅድስተ ቅዱሳን የተባለችው ክፍል ናት። እንዲህ ላለው ቃል የኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት (1948 ዓ.ም.) ያስፈልጋል። በሀለሐመ ተራ የሚፈልግ ሰው ግን ይደክማል፤ የተደረደረው በአበገደ ነው፣ ቀ ወደ መጨረሻው ተጠግቶ ይገኛል።

የረቡዕ «ኆኅተ ምሥራቅ» ከሕዝቅኤል 44፥1–2 ነው፤ እግዚአብሔር ስለገባበት ተዘግቶ የሚኖረው የምሥራቅ በር።

ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ይፈትሹ። የሰኞን ውዳሴ ይግለጡና «ሰአሊ ለነ ቅድስት» የሚለውን ይመልከቱ። በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ ከተጻፈ «ለምኚልን» ነው። በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ «ሠዐሊ» ብሎ ካተመው «ሥዕል ሣዪልን» ይሆናል። ይህ ልመና በየአንቀጹ ስለሚመላለስ አንድ ጊዜ የተሳተ በመጽሐፉ ሁሉ ይሳሳታል። እዚህ ላይ ያልተጠነቀቀ አራሚ በሌላውም ሞክሼ (ድምፁ አንድ በሆነ) ፊደል አይታመንም፤ ሌላ እትም ይጠይቁ።