ቫኪዩም ጌጅ ለአሮጌ ኮሮላ፤ ደሴ ላይ እንዴት ይነበባል?

በመለዋወጫ ሱቅ ከኮምፕሬሽን መለኪያው ጎን ተሰቅሎ የሚሸጠው ክብ ቫኪዩም ጌጅ፣ ካርቡሬተር ላለው አሮጌ መኪና ከሚገዙ መመርመሪያዎች ሁሉ ቀድሞ መገዛት ያለበት ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) ሲንቀጠቀጥና ሲቆራረጥ፣ አንድም ብሎን ሳይፈታ ችግሩ ከእሳት፣ ከነዳጅ፣ ከአየር ወይም ከቫልቭ መሆኑን ይጠቁማል። አንድ ከባድ ጉድለት ግን አለበት። ፊቱ ላይ ያለው ቀለምና ጽሑፍ የተሠራው ለባሕር ጠለል ነው። ደሴ ላይ እንደ ተጻፈው የሚያነብ ሰው ጤነኛ ሞተር ሊያስፈታ ይችላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጌጁ የሚያሳየው በውጭው አየርና በማኒፎልዱ (አየርና ነዳጁን ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ ባለው አየር መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ነው። የውጭው አየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ 30 ኢንች ሜርኩሪ (ጌጁ የሚጠቀምበት የግፊት መለኪያ) ገደማ ሲሆን፣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ 22 ገደማ ብቻ ነው። በየ300 ሜትሩ ከንባቡ አንድ ኢንች ያህል ይቀነሳል ማለት ነው። ስለዚህ ባሕር ጠለል ላይ ከ17 እስከ 21 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ደሴ ላይ ከ9 እስከ 13 ቢያሳይ ምንም አልሆነም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ከ11 እስከ 15 ይጠበቃል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ብቻ ንባቡን ሁለት ኢንች ያህል ይለውጠዋል። ችግሩ፣ በብዙዎቹ ጌጆች ፊት ላይ ከ10 ኢንች ዙሪያ የታተመው ጽሑፍ «የቫልቭ ታይሚንግ ዘግይቷል» (ቫልቮቹ ከጊዜያቸው ዘግይተው ይከፈታሉ) የሚል መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ ተመርቶ ካቴና (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰውን ሰንሰለት) ማስፈታት ለከንቱ ወጪ መዳረግ ነው። ስትገዙ ቀለሙን ትታችሁ ቁጥሩ በግልጽ የሚነበበውን ምረጡ፤ ቤት ስትደርሱ የከተማችሁን ልክ በማርከር መስታወቱ ላይ አስምሩበት።

ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ተመልከቱ። ቱቦው ሳይገጠም መርፌው ዜሮ ላይ መቆም አለበት። ቱቦው ሲታጠፍ የማይሰነጠቅ ለስላሳ ጎማ ይሁን፤ ደረቅ ፕላስቲክ ከሆነ በደሴ ብርድ ቶሎ ይደርቃል፣ አየር ያስገባል፣ ንባቡንም ያበላሻል። የቲ ቅርጽ ማገናኛ አብሮት ከሌለ ደግሞ ለብቻው መግዛት ግድ ነው። ብዙዎቹ ጌጆች የነዳጅ ፓምፕ ግፊትም እስከ 10 ፒኤስአይ (ሌላው የግፊት መለኪያ) ይለካሉ፤ ይህ ተጨማሪ ጥቅም ነው።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። 4ኬ (4K) የተባለው ሞተር ባለው ኮሮላ በጣም ምቹው ቦታ ከማኒፎልዱ ወደ ፍሬን ሰርቮ (የፍሬን ፔዳሉን ኃይል ወደሚያግዘው ክፍል) የሚሄደው ወፍራም ቱቦ ነው። በዚህ መስመር ላይ አየር ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ አለ፤ ቲው መግባት ያለበት በቫልቩና በማኒፎልዱ መካከል ነው። ወደ ሰርቮው በኩል ከገባ ቫልቩ ቫኪዩሙን ስለሚይዘው መርፌው ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ሞተሩ ቢንቀጠቀጥም እሱ አይንቀሳቀስም። ወደ ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ ወደሚያከፋፍለው) የምትሄደው ቀጭን ቱቦ ላይ ከተገጠመ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሚኒሞ ላይ ዜሮ አካባቢ ያሳያል፤ ቀዳዳዋ ከካርቡሬተሩ መዝጊያ በላይ ስለሆነች ነው።

ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ቾኩ (ለብርድ ማስነሻ አየር የሚቀንሰው መዝጊያ) ሙሉ በሙሉ ይከፈት፣ ሚኒሞው በደቂቃ 750 ዙር አካባቢ ይሁን። ከዚያ በኋላ ከቁጥሩ ይልቅ የመርፌውን እንቅስቃሴ ተመልከቱ፤ ከፍታ ቁጥሩን እንጂ እንቅስቃሴውን አይለውጠውም። የጌጁ ትልቁ ዋጋ ያለው እዚህ ነው። መርፌው ጸጥ ብሎ ቆሞ ግን ከከተማው ልክ ዝቅ ካለ፣ የእሳቱ ታይሚንግ (ካንዴላው እሳት የሚረጭበት ጊዜ) ዘግይቷል ወይም ማኒፎልዱ አየር እያስገባ ነው። በእኩል ጊዜ ልዩነት እየተመታ ከወደቀ አንድ ሲሊንደር እየሠራ አይደለም፤ ካንዴላ ወይም የተቃጠለ ቫልቭ ነው። ሚኒሞ ላይ በፍጥነት ተንቀጥቅጦ ነዳጅ ሲሰጠው ከጸና የቫልቭ ጋይድ (ቫልቩ የሚንቀሳቀስበት ቱቦ) አልቋል፤ ነዳጅ ሲሰጠው ይበልጥ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ የቫልቭ ሞላ ደክሟል። በዝግታ ከፍ ዝቅ ሲል የካርቡሬተሩ ውሁድ (የነዳጅና የአየር ድብልቅ) አልተስተካከለም። 2,500 ዙር ላይ ሲያዝ ቀስ በቀስ እየወረደ ከሄደ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ተደፍኗል።

አየር ማስገባቱን ለማረጋገጥ ቤንዚን እያፈሰሱ መሞከር የተለመደ ነው፤ የጋለ ማርሚታ አጠገብ ስለሆነ በፍጹም አታድርጉት። የውሃ መርጫ ይበቃል። የካርቡሬተሩን መቀመጫና የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) በትንሽ በትንሹ ስትረጩ መርፌው ለቅጽበት ከዘለለ ቀዳዳው እዚያ ነው። የእሳት ገመዶችንና ዲስትሪቢዩተሩን ግን አታርጥቡ። የሰርቮውን ቱቦ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከቲው አልፎ በፒንሳ ስትቆነጥጡት ሞተሩ ከረጋ ሰርቮው ተቀዷል፤ ይህ የፍሬን ጉዳይ ስለሆነ መኪናው ከዚያ ወዲያ አይነዳ። ሐረጎን በእንዲህ ዓይነት ፍሬን መውረድ ለሕይወት አስጊ ነው።

የእሳቱን ነገር በሥርዓቱ መጨረስ ያስፈልጋል። የ4ኬ ፑንቲና (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው) ክፍተት 0.45 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላው 0.8 ነው። ፑንቲናው አንድ ጎኑ ጎድጉዶ ሌላው ከተቆለለ ፑንቲናውን ከመቃጠል የሚጠብቀው ኮንዴንሰሩም አብሮ ይቀየር፤ አዲስ ፑንቲና ብቻ መግጠም ችግሩን ለጥቂት ሳምንት ማዘግየት ነው። በፑንቲና በሚሠራ ሞተር የካንዴላ ገመዶችን በደንብ በተሸፈነ ፒንሳ አንድ በአንድ አውጥታችሁ ከብረት ጋር አገናኙ። መርፌው በእያንዳንዱ እኩል መውረድ አለበት፤ የማይወርድበት ሲሊንደር ነው በሽተኛው። የቫልቩም ክፍተት ይለካ፤ ሞተሩ እንደጋለ የማስገቢያው 0.20፣ የማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው።

ለውሁድ ማስተካከያ ጌጁን የሚስተካከለው የለም። ቀጭኑ የደሴ አየር ውሁዱን ስለሚያወፍረው ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይይዛል። የሚኒሞውን የውሁድ ብሎን መርፌው የቻለውን ያህል ከፍ እስኪል አዙሩ፤ ከዚያ መውረድ እስኪጀምር ድረስ በትንሹ ዝጉት፤ የሚኒሞውን ዙር በሌላው፣ በዙር ማስተካከያው ብሎን መልሱት። የእሳቱን ታይሚንግ ግን በዚህ መንገድ አታስተካክሉ። ዲስትሪቢዩተሩ ሲቀደም መርፌው ከልኩ አልፎም መውጣቱን ይቀጥላል፤ እንዲህ የተስተካከለ መኪና ደሴ ላይ ደህና ቢመስል ወደ ባቲና ሚሌ ሲወርድ በሙቀቱና በወፍራሙ አየር ሞተሩ ያንኳኳል። ለታይሚንግ የታይሚንግ መብራቱን ተጠቀሙ፤ የ4ኬ ልክ የዲስትሪቢዩተሩ የቫኪዩም ቱቦ ተነቅሎ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 8 ዲግሪ ቀድሞ ነው።

አጠገቡ የሚሸጠውን የኮምፕሬሽን መለኪያ በሁለተኛ ደረጃ እናስቀምጠዋለን። የሚያስፈልገው ጌጁ አንድ ሲሊንደር ሲጠቁም ብቻ ነው። ተጭኖ የሚያዘውን ባለ ጎማ ጫፍ ተዉት፤ በ14 ሚሊ ሜትር ጥርስ የሚታሰረውን ግዙ። በጫፉ ያለው ትንሽ ቫልቭ ሲበላሽ በመኪና ጎማ ቫልቭ መተካት የተለመደ ነው፤ የጎማው ቫልቭ ሞላ ግን ስለሚጠነክር ንባቡን ዝቅ ያደርጋል። አራቱም ካንዴላ ይውጣ፣ የቦቢናው (ለካንዴላ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ገመድ ይነቀል፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ይረገጥ፣ ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) አምስት ወይም ስድስት ምት ያዙር። እዚህም ከፍታው ይቆጠራል፤ የጥገና መጽሐፉ 156 ፒኤስአይ የሚለው ሞተር ደሴ ላይ 115 ገደማ ካሳየ ሙሉ ጤነኛ ነው። ዋናው ነገር አራቱ መቀራረባቸው ነው። አንዱ ከቀነሰ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምራችሁ ድገሙት፤ ከጨመረ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው፣ ካልጨመረ ቫልቩ። ጎረቤታሞች የሆኑ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን በመካከላቸው ተቃጥሏል።

ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ቫኪዩም ጌጁን ግዙ፤ የኮምፕሬሽን መለኪያውን ከጎረቤት ጋራዥ ለአንድ ሰዓት መዋስ ይቻላል።