ጅማ ላይ የሚሸጡ የመኪና ባትሪዎች፦ ስሙ የማን ነው? ፋብሪካውስ የት ነው?

ጅማ መርካቶም ሆነ አጂፕ አካባቢ ወዳለ መለዋወጫ ቤት ገብታችሁ ባትሪ ብትጠይቁ የሚመጣው መልስ «የጀርመን አለ፣ የኮሪያ አለ፣ የህንድ አለ» ነው። «የጀርመን» የተባለውን ዞር አድርጋችሁ ትንሿን ጽሑፍ ስታነቡ ግን ሌላ አገር ታገኙ ይሆናል። ባለሱቁ ዋሸ ማለት አይደለም፤ የባትሪ ስም ከፋብሪካው ተነጥሎ መሸጥና መለወጥ ከጀመረ ቆይቷል።

ቫርታን እንውሰድ። ስሙ የጀርመን ነው፣ ሃኖቨርም ፋብሪካ አለው። ባለቤቱ ግን ክላሪዮስ ነው። የመኪና ባትሪው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2002 ለአሜሪካው ጆንሰን ኮንትሮልስ ተላለፈ፤ በ2019 ደግሞ ብሩክፊልድ የተባለው የካናዳ ድርጅት ገዛውና ክላሪዮስ ተባለ። የኮሪያው ዴልኮርም የዚሁ የክላሪዮስ ነው፤ ስለዚህ «ቫርታ ይሻላል፣ የለም ዴልኮር» ብለው የሚከራከሩ ሁለት ሹፌሮች ገንዘባቸው የሚገባው አንድ ኪስ ውስጥ ነው። የእጅ መብራትና የሰዓት ባትሪ የሚሠራው ቫርታ ሌላ ኩባንያ ነው።

ከሁሉ የሚያደናግረው ኤክሳይድ ነው። ኮልካታ ላይ ያለው የህንዱ ኤክሳይድ ኢንዱስትሪስና አውሮፓ ያለው ኤክሳይድ ቴክኖሎጂስ ስም እንጂ ባለቤት አይጋሩም። አንድ ሰው «ኤክሳይድ አምስት ዓመት ሄደልኝ» ካላችሁ የትኛው ኤክሳይድ እንደሆነ ጠይቁት፤ ካላወቀ ምስክርነቱ አይረባችሁም።

ጂኤስ እና ዩአሳ በ2004 የተዋሃዱ የጃፓን ስሞች ናቸው፣ መሥሪያ ቤታቸው ኪዮቶ። የፓናሶኒክንም የእርሳስ ባትሪ ሥራ በ2016 ጠቅልለዋል። ፋብሪካዎቻቸው ግን ታይላንድ፣ ኢንዶኔዥያና ቬትናምም አሉ፤ ይህ ነውር የለውም፣ «የጃፓን ነው» ተብሎ በጃፓን ዋጋ ሲጠየቅ ግን ነውር ነው። አረንጓዴው አማሮን የህንዱ የአማራ ራጃ ነው (ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ቢያስገርምም)። ከቱርክ ሙትሉና ኢንጂ አሉ።

ለቪትዝ፣ ለኮሮላና ለሚኒባስ የኛ ምርጫ የኮሪያ ድፍን ባትሪ ነው፦ ሮኬት፣ ሶላይት፣ ወይም የጎማ አምራቹ የሃንኩክ ቤተሰብ የሆነው አትላስቢኤክስ። አንድ ድክመት አለበት። ክዳኑ ስለማይከፈት ዲናሞው ከ15 ቮልት በላይ የሚልክ መኪና ላይ ከገባ ውሃው ያልቃል፣ መሙያ የለውም። አናቱ ላይ ያለችውን አረንጓዴ ዓይንም አትመኑ፤ ከስድስቱ ሴሎች (የባትሪው የውስጥ ክፍሎች) የምታየው አንዱን ብቻ ነው። አምስቱ ደህና ሆነው አንዱ ቢሞት፣ ዓይኗ ያለችበት ካልሆነ በቀር አረንጓዴ ሆና ትቀጥላለች።

አሁን ወደ ሱቁ። ቅሬታ የሚነሳው በስሙ ሳይሆን በመጠኑ ነው። «ኤንኤስ 60» ሲባል 60 አምፔር-ሰዓት የሚመስለው ብዙ ነው፤ 45 ነው። የዚሁ የኤል ዓይነቱ ሌላ ስሙ 46ቢ24ኤል ነው፦ 24 ርዝመቱ በሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ኤል ማለት ፖሎቹን (ገመድ የሚታሰርባቸውን ጫፎች) ወደ ራሳችሁ አድርጋችሁ ስትቆሙ ኔጌቲቩ በግራ ነው ማለት ነው። አር ከሆነ ይገለበጣል። ኤል ለሚፈልግ መኪና አር ገዝቶ ገመዱን መጎተት የተለመደ ጥፋት ነው፤ ገመዱ ይወጠርና ከቆርቆሮው ጋር እየተፋተገ ይላጣል፣ ያን ጊዜ እሳት ይመጣል።

ሒሳብ ሳትከፍሉ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) አስመጡ። ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ያሳያል። 12.4 ካሳየ ቻርጅ ይደረግ በሉ፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል ማለት ነው፣ ሌላ ጠይቁ። 10.5 አካባቢ ከሆነ አንድ ሴል ሞቷል። ባትሪ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦም ይደክማል፤ በየሦስት ወሩ ካልተሞላ ውስጡ ባለው የእርሳስ ሰሌዳ (ፕሌቱ) ላይ ነጭ ሰልፌት ይደርቅና አቅሙ አይመለስም። ቻርጀር የሌለው ባትሪ ሻጭ ጋ ስሙ ምንም ቢሆን አትግዙ።

ደረቅ ሆኖ መጥቶ እዚያው አሲድ የሚሞላው ዓይነት ርካሽ ነው፣ አይናቅም። ችግሩ ችኮላው ነው። አሲዱ እስከ ምልክቱ ይሞላ፣ 20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆይ፣ ቮልቱ ይለካ፣ ቻርጅ ይደረግ፤ ከዚያ ይታሰር። በኋላ ሲጎድል የሚጨመረው የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። አሲድ መድገም ፕሌቱን ይበላል፤ የታሸገ የመጠጥ ውሃም ማዕድን ስላለው አይሆንም።

ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቅደም፣ ሲታሰር ፖዘቲቩ። አብዛኛው የጃፓን መኪና 10 ቁጥር ቁልፍ ይበቃዋል። ፖሎቹ ላይ የሚወጣውን ነጭ ዱቄት በሙቅ ውሃና በሶዳ እጠቡ፣ ከታሰረ በኋላ ቫዝሊን ቀቡት። ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቱ ከ9.6 መውረድ የለበትም፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ከ13.8 እስከ 14.4 ይጠበቃል። ከዚህ ካነሰ አዲሱን ባትሪ ከመክሰሳችሁ በፊት የዲናሞውን ቺንጋ እዩ።

የጅማ አየር ለባትሪ ምቹ ነው፣ እንደ ቆላው አያቃጥለውም። እዚህ የሚገድለው መንቀጥቀጥና አጭር መንገድ ነው። ወደ አጋሮና ሊሙ ገጠር ቡና የሚጭን አይሱዙ ላይ የባትሪው ማቀፊያ ከላላ ፕሌቱ ይራገፋል፤ ስለዚህ ለጭነት መኪና ከስሙ በፊት ማቀፊያው ይጥበቅ። ከአጂፕ መርካቶ ሲመላለስ ሃያ ጊዜ የሚነሳ ባጃጅ ደግሞ ያወጣውን መልሶ ለመሙላት ጊዜ አያገኝም፤ በሳምንት አንድ ሌሊት ቻርጀር ላይ ይደር።

የምርት ቀኑን ስታነቡ አቆጣጠሩን አትርሱ። ባትሪው ላይ ያለው የፈረንጅ ነው፣ ባለሱቁ ዋስትናው ላይ የሚጽፈው የኛ። «08/24» የሚል ክብ ተለጣፊ ነሐሴ 2016 አካባቢ ተሠራ ማለት ነው፤ በ2018 መስከረም «አዲስ ገባ» ከተባላችሁ ዓመት አልፎታል፣ ቴስተሩን ድጋሚ አስመጡ። የዋስትና ወረቀቱ ላይም የባትሪው አካል ላይ የተቀረጸው ቁጥር ይጻፍ፤ ቁጥር የሌለበትን ወረቀት ይዛችሁ ስትመለሱ «ይሄ ከኛ አልተገዛም» መባል አለ።