«ላቭ ኢን ቬይን»ን ለመስማት የትኛው እትም ይሻላል?

አሜሪካዊው የብሉዝ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች ሮበርት ጆንሰን ይህን ዘፈን የቀዳው እ.ኤ.አ. ጁን 20 ቀን 1937 ዳላስ፣ ቴክሳስ ውስጥ ነው። ሸክላው የወጣው በ1939፣ እሱ በ27 ዓመቱ ከሞተ በኋላ ነበር። ሥራዎቹን አንድ ላይ ከሰበሰቡት እትሞች ሁለቱ በብዛት ይነጻጸራሉ፦ በ1990 በሳጥን የወጣው የሲዲ ስብስብ እና የልደቱን 100ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ በ2011 የወጣው ባለ ሁለት ሲዲ። ለዚህ ዘፈን ሲባል የ2011ዱ ይገዛ።

ምክንያቱ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ጆንሰን ዘፈኑን ሁለት ጊዜ ስለቀዳው ሁለት ቅጂ አለው። የ1990ው ሳጥን ሁለቱን አከታትሎ ያስቀምጣቸዋል፤ እንጉርጉሮው አልቆ ዝምታው ሳይረጋ ያው ሻንጣ፣ ያው ባቡር ጣቢያ እንደገና ይመጣል። ያን ጊዜ ሐዘኑ ልምምድ ይመስላል። የ2011ዱ ተለዋጭ ቅጂዎችን ወደ ሲዲው መጨረሻ ስለወሰዳቸው ዘፈኑ አንዴ ተሰምቶ ያበቃል።

ማብቃቱ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ሰውዬው ሻንጣ ይዞ ሴቲቱን እስከ ጣቢያው ይከተላታል፤ ባቡሩ ሲደርስ ዓይኗን አይቶ ያለቅሳል። በእያንዳንዱ አንጓ የመጀመሪያው ሐሳብ ይደገማል፣ ከዚያ ፍቅሩ ሁሉ ከንቱ መሆኑ ይከተላል። ሦስተኛው አንጓ ላይ ባቡሩ ሄዷል፤ የቀሩት ከኋላው የሚታዩት ሁለት መብራቶች ብቻ ናቸው። ሰማያዊው ትካዜው፣ ቀዩ አእምሮው ነው ይላል። በእንግሊዝኛ «ብሉ» ቀለሙንም ትካዜውንም ስለሚጠራ፣ የብቸኝነቱ ክብደት እዚህች አንዲት ቃል ላይ ያርፋል። ከዚህ ወዲያ ቃል ያልቅበታል፤ ያንጎራጉራል፣ «ዊሊ ሜይ» ብሎ የሴት ስም ይጣራል።

ይህን የመጨረሻ ክፍል የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አድማጩ ራሱ ነው። የድሮ ሸክላ ሹክሹክታ የሚሰማው ቀጭኑ ድምፅ ላይ ስለሆነ፣ እሱን ለማጥፋት ትሬብል (የቀጭኑ ድምፅ መጠን) ሲቀነስ የዘፋኙ ትንፋሽና የጊታሩ ክር ጫፍም አብረው ይጠፋሉ። ትሬብሉ ባለበት ይቆይ፤ ድምፅ ማጣሪያ እና ሰው ሠራሽ ስቴሪዮ ይዘጉ፣ ቀረጻው ሞኖ፣ ማለትም ባለ አንድ መስመር ድምፅ ነውና። ሹክሹክታው በ2011ዱም አለ፤ ከሁለተኛው አንጓ በኋላ ጆሮ ይለምደዋል።

የዘመኑን፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር ሸክላ ያገኘ ሰው መርፌውን ይቀይር። የኤልፒ (በኋላ የመጣው ረጅም ሸክላ) መርፌ ጫፍ ወደ 0.7 ሺህኛ ኢንች ሲሆን የ78ቱ ቦይ ግን ወደ 3 ሺህኛ ኢንች ይፈልጋል፤ ቀጭኑ መርፌ ወደ ቦዩ ግርጌ ሰምጦ ቆሻሻውን ያነባል።

ከዚህ ዘፈን ጎን የብሉዝ ዘፋኙ ሊሮይ ካር በ1935 የቀዳው «ኢን ዚ ኢቭኒንግ» ቢሰማ መልካም ነው። ጆንሰን ዜማውን የወሰደው ከዚያ ነው፤ ጣቢያውና ሁለቱ መብራቶች ግን ከዚያ የመጡ አይደሉም።