«ሙሉ በሙሉ የታደሰ» ለተባለ ፓይፐር ካብ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

በአሜሪካ የምንኖርና የቆዩ ትንንሽ አውሮፕላኖችን ገዝቶ የማደስ ፍላጎት ያደረብን ሐበሾች ብዙ አይደለንም። ሆኖም ባለፉት ወራት ሦስት ሰዎች ስለ ፓይፐር ካብ ግዢ ጠይቀውኛል፤ ከእነርሱም አንዱ ቀብድ ሊልክ የተዘጋጀው እኔን ላታለለኝ ሻጭ መሆኑን ስለተረዳሁ የደረሰብኝን በዝርዝር ለመጻፍ ወስኛለሁ። የሻጩን ስም አልጠቅስም፤ የሚሠራበትን ዘዴ ግን ሳልደብቅ እናገራለሁ።

የገዛሁት እ.ኤ.አ. በ1946 የተሠራ ጄ-3 ካብ ነው። ይህ አውሮፕላን በዋናነት በፔንስልቬንያ ሎክ ሄቨን ከተማ እስከ 1947 ድረስ ወደ 20 ሺህ በሚጠጋ ብዛት የተመረተ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ አካሉ ከብረት ቱቦ ተበይዶ በጨርቅ የተሸፈነ፣ አብዛኛውን ጊዜም 65 የፈረስ ጉልበት ባለው የኮንቲኔንታል ሞተር የሚበር ነው። ባትሪ ስለሌለው ሞተሩ የሚነሣው ፕሮፔለሩን በእጅ በማዞር ነው። አባቴ በደብረ ዘይት የሳፊር መለማመጃ አውሮፕላኖች መካኒክ ስለነበሩ እኔ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ልቤ ቶሎ ይሸነፋል፤ ሻጩም ይህን በመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ሳይረዳ አልቀረም።

ማስታወቂያው አውሮፕላኑ ሙሉ በሙሉ የታደሰ፣ ሞተሩ «ዜሮ ሰዓት» (የሥራ ሰዓቱ ከዜሮ የሚቆጠር)፣ ዓመታዊ ምርመራው አዲስ፣ አደጋም ያልደረሰበት መሆኑን ይናገር ነበር። ዋጋው 41 ሺህ ዶላር ሲሆን ከዚህ ውስጥ 5 ሺህውን በቀብድ መልክ ላክሁ። ውሉ ቀብዱ እንደማይመለስና አውሮፕላኑም «ባለበት ሁኔታ» እንደሚሸጥ በትንሽ ፊደል ይገልጽ ስለነበር፣ ገንዘቡ ከእጄ ከወጣ በኋላ የማየውን ጉድለት ሁሉ አስቀድሜ ተቀብያለሁ ማለት ነው።

«ዜሮ ሰዓት» የሚለው አነጋገር ብቻውን ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር። በአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ መሠረት የሞተርን ያለፈ ታሪክ ትቶ አዲስ መዝገብ መክፈት የሚቻለው አምራቹ ራሱ ወይም አምራቹ የፈቀደለት ድርጅት ሞተሩን እንደገና ሲሠራው ብቻ ነው። ሌላ መካኒክ፣ የቱንም ያህል ባለሙያ ቢሆን፣ ፈትቶ ያጸዳው፣ የጠገነውና መልሶ የገጠመው ሞተር ኦቨርሆል ተደረገ ይባላል እንጂ ጠቅላላ የሥራ ሰዓቱ አይሰረዝም። የእኔ ሞተር ሎግቡክ (የሥራና የጥገና መዝገቡ) ግን ያለ አምራቹ ፊርማ ከገጽ አንድ ይጀምራል፤ የቀድሞው የት እንዳለ ስጠይቅ በጎርፍ ጠፋ ተባልሁ።

የራሴን መካኒክ ልላክ ባልሁ ጊዜ ሻጩ ዓመታዊ ምርመራው ገና ባለፈው ሳምንት የተፈረመ ስለሆነ ገንዘቤን በከንቱ ባላባክን እንደሚሻል በወዳጅነት መከረኝ። ዓመታዊ ምርመራ በየ12 ወሩ የሚደረግ የሕግ ግዴታ ነው፤ ይህንን ግን የፈረመው በሻጩ ገንዘብ የተቀጠረ፣ በሻጩ ሃንጋር ውስጥ የሚሠራ ሰው ነበር። የቅድመ ግዢ ምርመራ ዋጋ የሚኖረው መካኒኩን ገዢው ሲመርጥና ገዢው ሲከፍለው ነው። እኔ ይህንን የተማርሁት አውሮፕላኑ ቨርጂኒያ ደርሶ የራሴ መካኒክ የክንፍ ደጋፊዎቹን፣ በተለምዶ ስትራት የምንላቸውን፣ ሲመረምር ነው።

በእነዚህ ስትራቶች ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ሕይወትንም የሚመለከት ጉዳይ ነው። በካብ ላይ ክንፎቹን ከአካሉ ጋር የሚያያይዙት አራት ስትራቶች ውስጣቸው ክፍት የሆነ የብረት ቱቦዎች ናቸው፤ እርጥበት ገብቶ ወደ ታችኛው ጫፍ ሲወርድና ሲጠራቀም ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል፣ ቀለሙ ግን ከውጭ እንዳማረ ይቆያል። በዚህም ምክንያት የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በመመሪያ ቁጥር 99-01-05፣ በኋላም እርሱን በተካው 2015-08-04፣ ያልታሸጉት የቀድሞ ስትራቶች በየ24 ወሩ እንዲመረመሩ ወይም በታሸጉ አዳዲስ ስትራቶች እንዲተኩ አዝዟል። በእኔ ሎግቡክ ውስጥ «መመሪያው ተፈጽሟል» የሚል አንድ መስመር አለ፤ በምን ዘዴ እንደተመረመረ ግን አንድም ቃል የለም። መካኒኬ በመውጊያ መሣሪያው የግራውን ክንፍ የኋላ ስትራት ታችኛ ጫፍ ሲጫነው ብረቱ እንደ ቆርቆሮ ጎደጎደ። በዚያ አውሮፕላን ሻጩ አንድ ሰዓት ያህል አብርሮኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጨርቁን ከጅራቱ በኩል ከፈትነው። አዲሱ ቢጫ ጨርቅ የተለጠፈው የታችኛው ረጅም ቱቦ ዝገት ሳይጸዳ ነበር። የመጀመሪያው የጥጥ ጨርቅ በዘመናዊ ፖሊስተር ሲተካ ሥራው በቅጽ 337፣ ማለትም ከፍተኛ ጥገናና ለውጥ በሚመዘገብበት ቅጽ፣ ተመዝግቦ ለአስተዳደሩ መላክ አለበት፤ ኦክላሆማ ሲቲ ከሚገኘው መዝገብ ቤት ባስመጣሁት የአውሮፕላኑ ፋይል ውስጥ ግን ስለዚህ ሥራ የተላከ ቅጽ አልነበረም። በምትኩ ያገኘሁት በ1970ዎቹ የተሞላ፣ የተሰበረ የቀኝ ክንፍ ጥገናን የሚመዘግብ ሌላ 337 ነው። አደጋ አልደረሰበትም የተባለው አውሮፕላን ይህ ነው። ፋይሉን በአውሮፕላኑ የምዝገባ ቁጥር ማንም ሰው ማዘዝ ይችላል፤ ዋጋውም 10 ዶላር ገደማ ነው። ዕዳ ይኑርበት አይኑርበትም በዚያው ከተማ የባለቤትነት ሰነድ በሚያጣሩ ድርጅቶች አማካይነት ሳይከፍሉ በፊት ማረጋገጥ ይገባል።

ከሁሉ የሚቆጨኝ የካብ ባለቤቶችን ማኅበር የተቀላቀልሁት ከግዢው በኋላ መሆኑ ነው። ፎቶውን ባሳየሁበት የመጀመሪያ ስብሰባ አንድ አዛውንት አባል መነጽራቸውን ከፍ አድርገው የምዝገባ ቁጥሩን ካነበቡ በኋላ፣ ይህንኑ አውሮፕላን ከዓመታት በፊት ሊገዙ ሄደው በዝገቱ ምክንያት ትተውት እንደተመለሱ ነገሩኝ። የአባልነት ክፍያው ለቀብድ ከላክሁት ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ የእነዚህ ሰዎች ትውስታ ግን በየትኛውም ሎግቡክ ውስጥ አይገኝም።

ጠበቃ አማክሬ ነበር፤ «ባለበት ሁኔታ» በሚለው ላይ በመፈረሜ ክሱ ከሚያስመልሰው ይልቅ የሚያስወጣው እንደሚበልጥ ነገረኝ። አዳዲሶቹ የታሸጉ ስትራቶች ተገዝተዋል፣ አካሉ ግን ጨርቁ ተገፍፎ ለብየዳ ጋራዤ ውስጥ ተቀምጧል፤ ባለቤቴም እንግዳ በመጣ ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ» እያለች ታስጎበኘዋለች።

ሻጩ በዚህ ወር ሌላ ቢጫ ካብ ለገበያ አውጥቷል፤ የማስታወቂያው ቃላት ከእኔው ጋር አንድ ናቸው፣ «ዜሮ ሰዓት» የሚለውም አልቀረም። ይህንን አውሮፕላን የምታዩ ካላችሁ የቀድሞውን የሞተር ሎግቡክ፣ የስትራቶቹን የምርመራ ዘዴና ቀን፣ የጨርቁን ቅጽ 337 በጽሑፍ ጠይቁት፣ ቀብዱም እናንተ በመረጣችሁት መካኒክ ምርመራ ላይ የተመሠረተና የሚመለስ እንዲሆን በውሉ ላይ አስገቡ። እምቢ ካለ መልሱን አግኝታችኋል።