"ከዋጡ በስንት ሰዓቱ ነው?" ብላ ለጠየቀችን ፋርማሲስት

ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ወር አልፎኛል። ሥራ፣ ልጆች፣ ምናምን እያልኩ ቆየሁ። ዛሬ ጠዋት አባዬ ቡናውን ሳያፈስ ጠጥቶ ስኒውን ሲያስቀምጥ አየሁና ተቀመጥኩ።

አባዬ ፓርኪንሰን የሚባለው እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል በሽታ ከያዘው 7 ዓመት ሆኖታል። ሌቮዶፓ የሚባለው መድኃኒት ሲጀመርለት ሰው ሆኖ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ሌላ ነገር መጣ። ትከሻው፣ አንገቱ፣ አንዳንዴ መላ ሰውነቱ ሳያዘው ይወዛወዛል። የድሮው መንቀጥቀጥ አይደለም፤ ጭፈራ ነው የሚመስለው። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ አንዱ "ጋሼ፣ እስክስታ ጀመሩ እንዴ?" አለው። መቀለዱ ነው። አባዬ ከዚያ ወዲያ ለቅሶ መድረስ ተወ።

እኛ በሽታው ጠናበት አልን። የሄድንበት ክሊኒክም እንደዚያው ብሎ መጠኑን ጨመረው። ባሰበት።

የሰፈራችን ፋርማሲስት ማዘዣውን ስታይ መድኃኒቱን ለማምጣት አልተነሳችም። "አባባ፣ ይሄ መወዛወዝ የሚመጣብዎት ከዋጡ በስንት ሰዓቱ ነው?" አለችው። ማናችንም አናውቅም። "እንግዲያው ደብተር ግዙ" አለች። የዋጠበት ሰዓት፣ የበላው፣ የተወዛወዘበት፣ የደረቀበት፣ ሁሉም ይጻፍ። በስልክም ቅረጹት።

በሳምንቱ ነገሩ ፍንትው አለ። ከዋጠ ከአንድ ሰዓት በኋላ መወዛወዝ ይጀምረዋል። የሚቀጥለው ኪኒን ሲቃረብ ደግሞ እግሩ መሬት ላይ ይጣበቃል።

ምክንያቱን ያስረዳችን በሮቶ ነው። ውኃ በፈረቃ ቢመጣም ሮቶ ያለው ቤት አይታወቀውም፤ አጠራቅሞ በልክ ይለቃል። ዶፓሚን የሚባለውን፣ ሰውነት እንዲንቀሳቀስ የሚረዳውን ኬሚካል የሚያመነጩት የአንጎል ሴሎችም እንደዚያው ናቸው፤ ከመድኃኒቱ የሚገኘውን ዶፓሚን ይዘው ቀስ እያሉ ይሰጣሉ። ፓርኪንሰን የሚገድለው ደግሞ እነሱኑ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ሮቶው የለም፣ ቧንቧው ብቻ ቀረ። ሌቮዶፓ ደም ውስጥ በሰዓት ተኩል ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ኪኒኑ ሲገባ ጎርፍ፣ ሲያልቅ ድርቅ። በጎርፉ ሰዓት እንቅስቃሴን "ሂድ" የሚሉት ሴሎች ከልክ በላይ ይነቃሉ፣ "ቁም" የሚሉት ዝም ይላሉ። ሰውነት ያልታዘዘውን ይሠራል። ሐኪሞቹ ዲስኪኔዥያ ይሉታል።

ሌቮዶፓን ከ4 እስከ 6 ዓመት ከወሰዱ ሰዎች ወደ 40 በመቶው ላይ እንደሚታይም ነገረችው። አባዬ "ብቻዬን አይደለሁማ!" አለ። ፈገግ ሲል ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ሽሮውንም ያገኘችው እሷ ናት። ፕሮቲን መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል እንዳይገባ ይሻማዋል። እኛ ጾም ስለነበር ፕሮቲን የለም ብለን ነበር። "ሽሮስ? ምስሩስ?" አለች። ለካ አባዬ የምሳውን ኪኒን በየቀኑ ከሽሮ ጋር ነበር የሚውጠው! አሁን ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይወስዳል።

በጣም የማከብርላት ነገር፣ መጠኑን ራሷ አልነካችም። በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ስለሆነ እኛም እንዳንነካው አጥብቃ አስጠነቀቀችን። ከደብተሩ ጋር አጭር ማስታወሻ ጽፋ ወደ ነርቭ ሐኪም ላከችን። ሐኪሙ ቪዲዮውን አየ፣ ደብተሩን ገለጠ። በቀን 3 ጊዜ አንድ አንድ ፍሬ ይወስድ የነበረውን 6 ጊዜ ግማሽ ግማሽ አደረገው። የቀኑ ድምር ያው ነው፤ ጎርፉ ግን ቀነሰ።

ጠፋለት አልልም። ከሰዓት በኋላ አሁንም ትከሻው ይንቀሳቀሳል። ኪኒኑን ለመስጠት በሌሊት ሁለት ጊዜ የስልክ ደወል ያስነሳናል፣ እሱም ያሰለቻል። ግን ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ደርሶ መጣ።

እህቴ፣ ለዚህ ሁሉ አንድ ብር አላስከፈልሽንም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስሟን እንዳልጽፍ ራሷ ስለጠየቀችኝ ነው የተውኩት። በእኛ አካባቢ የፓርኪንሰን ታማሚ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ ደብተር ያዙ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።