ማፍረስ ወይስ መጠገን? ፒያሳና መኪና ግርግር

አሮጌ ዋና መንገድን ለማሳመር ሁለት አማራጭ አለ፦ አፍርሶ ማስፋት ወይም ያለውን መጠገን።

የመጀመሪያውን ፒያሳ ላይ አየነው። በ2016 ዓ.ም የኮሪደር ልማቱ ሲገባ እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ ሰፈሮች ፈረሱ። እውነት ለመናገር ጥቅሙም ቀላል አይደለም። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ ማታም መብራት አለ። ግን ብዙ ነዋሪ ሌላ ሰፈር ሄዷል። ዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅም አብሮ ሄደ።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለው መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ሌላ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን ደጃፍ አውጥተው ይሰፋሉ። ጨርቁን እዚያው ሱቅ ትመርጣለህ፣ ትለካለህ፣ ገበያ ዞረህ ስትመለስ ትወስዳለህ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ እንደልብ አይፈርስም። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ያጋፋል። ዕቃ ማስገባትማ አበሳ ነው!

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ሁለተኛው ይሻላል። ቱቦው ይቀየር፣ ድንጋዩ ይነጠፍ፣ ግድግዳው ይቀባ። ሰፊዎቹን ግን ማንም አይንካብኝ። ፒያሳ ላይም እንደ ጣይቱ ሆቴል ያሉ ቤቶች ገና አሉ። በዙሪያቸው ለትንንሽ ነጋዴዎች የሚቀመስ ኪራይ ቢኖር፣ የሄደው ሰው የሚመለስበት ምክንያት ያገኛል።